ኩክሪውን አልሰጥም

ሰበታ፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለፈቀደ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። ተኳርፈናል ብዬ ሰላምታ አልነፍግህም። ስደውል ስለማታነሳ ይኸው ጻፍኩልህ። ወንድምህ እውነቱ ኩክሪውን ሊወስድ መጥቶ ደብዳቤ ይዞ ይመለሳል።

አልሰጠሁትም። አልሰጥምም።

ዳርፉር ሰላም ልታስከብር ሄደህ ኔፓላዊው ጓደኛህ ይህን የአገሩን ወታደሮች ጎራዴ መሳይ ቢላ እንደሸለመህ አውቃለሁ። «አንዴ ከአፎቱ ከወጣ ደም ሳይቀምስ አይመለስም» እያልክ አሥር ዓመት ግድግዳ ላይ ሰቀልከው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወሬው ነው እንጂ ሥራው የታል? ዘንድሮ ክረምቱ አጥራችንን ጫካ አደረገው፣ የገጀራችን እጀታ ወልቋል፣ አንተ ደግሞ «ነገ፣ ነገ» ትላለህ። አወረድኩታ! ጎባጣ ነው፣ ወደ ጫፉ ይከብዳል፣ ክንዴን ሳያደክም ራሱ ይወርዳል። የአጥሩን ለምለም ቅርንጫፍም ሆነ የእንሰቱን ቅጠል አንዴ ብመታው በቃ። ደምም አልቀመሰ፤ የቅጠል ጭማቂ ቀምሶ በሰላም አፎቱ ገባ።

አንተ ግን በጓደኞችህ ፊት ስትመዘው አረንጓዴ ሆኖ አገኘኸውና «አዋረድሽኝ! የወታደር መሣሪያ የጎመን ቢላ አደረግሽው!» ብለህ ሱሉልታ፣ ወንድምህ ቤት ገባህ። ሁለት ወር ሊሞላህ ነው። ዘመን መለወጫን ብቻዬን ዋልኩ፤ ከፍቶኝ ነበር፣ አልደብቅህም።

ደንዞ ይሆናል ብለህ ከሰጋህ ደግሞ እረፍ። አፎቱ ውስጥ ካሉት ሁለት ትናንሽ ቢላዎች አንዷን «ሳይስሏት የሸጧት ደነዝ» ብለህ ልትጥላት አልነበር? ሉካንዳ ለሚሠራው ለኢብሮ ባሳየው ሳቀብኝ። «ያ ረቢ! ጣቢታ፣ ይሄ እኮ ሞረድ ነው» አለኝ። ትልቁን የምትስለው ደነዟ ናት፣ ፈቀደ! በየሁለት ቀኑ ከእጀታው ወደ ጫፉ እሞርደዋለሁ፣ ጭማቂውን በጨርቅ ጠርጌ ዘይት እቀባዋለሁ። አንተ ዘንድ ዝገት ሲበላው የነበረ ብረት አሁን ፊቴን ያሳየኛል።

ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም። ቤቴን በቤቴ ዕቃ ስለጠበቅሁ ማንን ነው ይቅርታ የምጠይቀው? ከፈለግኸው ራስህ ና። ሱሉልታ ዱባይ አይደለም፣ ሦስት ታክሲ ነው። ስትመጣም አንጠልጥለህ አትሄድም፤ የጓሮውን አጥር ሳልነካ ትቼልሃለሁ፣ አሳይሃለሁ አያያዙን።

በበሩ በኩል ያለውን ግን እስከ ወገቤ አሳጥሬዋለሁ። ጎረቤታችን ራህመት «ከዚህ እኮ ታክሲ መውረጃው ቁልጭ ብሎ ይታያል» እያለች ትስቅብኛለች። ለፀሐይ ብዬ ነው።

ጌታ መውጣት መግባትህን ይባርክ። መውጣትህን እንኳ አይተነዋል፤ መግባትህን ይባርክልኝ።

ገና ያልፈታሁህ ሚስትህ፣
ጣቢታ