ኖራ የተቀባው በር

ግድግዳው ወደቀ፤ ወይዘሮ ተሾመች ከሥሩ ሞቱ። ቤቱን አይተው «ደህና ነው፣ ግቡበት» ያሉት ወንድማቸው አቶ አድማሱ ነበሩ። ዛሬ የምንቀብረው እሳቸውን ነው። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቀሪውን አታውቁም።

አቶ አድማሱ ከግንበኛው ከአቶ ወልደ ሩፋኤልና ከወይዘሮ አመለወርቅ በ1925 ዓ.ም. ጋይንት፣ ቤተ ልሔም አጠገብ ተወለዱ። ዳዊት እዚያው ደገሙ፤ ግንባታ ከአባታቸው ተማሩ። በ1952 ዓ.ም. ወይዘሮ ካሣነሽን አግብተው ላቀችን፣ ተሻገርንና ውባለምን ወለዱ። አርብ ገበያ ላይ የገነቧቸው ቤቶች ዛሬም ቆመዋል።

ግንቦት 20 ቀን 1973 ዓ.ም. ምድር ተናወጠች። የገበሬ ማኅበሩ የተጎዳውን ቤት እንዲለዩ መረጣቸው። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ያንኳኳሉ፤ ስንጥቁን በጣታቸው ይከተላሉ። የሚገባበትን በር ኖራ፣ የማይገባበትን ከሰል ይቀቡታል። ከመናወጡ በፊት የተመረገ ግድግዳ ጭቃው ካልተሰነጠቀ፣ ድንጋዩም ደህና ነው ይሉ ነበር።

ላቀች ያኔ አክስቷ ተሾመች ቤት ነበረች። የጀርባው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ከማኅበሩ ቤት የሚያይ ሊመጣ ነው ሲባል አፈረች፤ እንግዳ በተሰነጠቀ ቤት አይቀበሉም። ጭቃና ጭድ ረግጣ መረገችው። በግንቦት ፀሐይ ቶሎ ደረቀ።

አቶ አድማሱ ሲመጡ አክስቷ ገበያ ሄደው ነበር።

«ይህ መቼ ነው የተመረገ?» አሏት።

«ለፋሲካ ነው፣ አባየ።»

«እንግዲያው ምንም አልነካውማ! ጎበዝ፣ እጅሽ እኔን ወጥቷል።»

የልጃቸው ቃል ነውና አላንኳኩም። በሩን ኖራ ቀቡት። አክስቷ ማታ ሲመለሱ ኖራውን አይተው፣ «አድማሱ ካየው ምን እፈራለሁ!» ብለው ገቡ።

ሰኔ 8 ቀን ዝናብ ጣለ። ግድግዳው ወረደ።

አቶ አድማሱ ከፍርስራሹ አንድ ድንጋይ አነሱ። ስንጥቁ ውስጥ ጭድ ያለው ጭቃ ገብቶ ነበር፤ የተመረገው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። ላቀችን አዩዋት። ድንጋዩን መልሰው አስቀመጡት።

የገበሬ ማኅበሩ በጠራው ስብሰባ ላይ የሟች ልጅ እሸቴ ተነሣ፤ «አጎቴ፣ እናቴን ግቢ ያሏት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ያላየሁት እኔ ነኝ።»

ላቀች ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ከዚያ ወዲያ መዶሻ አልያዙም፤ የሚያሠራቸውም አልነበረ። ስድስት ዓመት አረሱ። እሸቴ ደጃቸውን አልረገጠም። ላቀችን አንድ ቀን አልወቀሷትም፤ እሷም አንድ ቀን አልነገረቻቸውም።

በሳንባ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው የካቲት 3 ቀን 1979 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውና ሦስት ልጆቻቸው አሉ። የእህታቸው ልጅ እሸቴም አለ። በሰው ጥፋት የተሸከሙትን እግዚአብሔር ያውርድላቸው፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።

ይህን ወረቀት የጻፈችው ላቀች ናት፤ ሊያነቡት የነበሩት መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ነበሩ። ላቀች ከእጃቸው ወስዳ፣ እሸቴ ከቆመበት ፊት ለፊት ቆማ፣ ራሷ እያነበበችው ነው።