ብሌን አፏን ፈታች

ተሼ፣ የኔ ለፍላፊ፣

አንተ ከሄድክ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል፣ ጥቁሬንም ለውጫለሁ፤ እናትህ ግን እስካሁን አልለወጡም። በሕይወት ሳለህ አንድ መስመር ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ምን ብዬ ልጽፍ፤ ማታ አጠገቤ ጋደም ብለህ የቀኑን ወሬ ሁሉ አንተው ትጨርሰው ነበር። "ወሬ በኩፖን ነው እንዴ የሚታደልሽ?" ትለኝ ነበር። ዛሬ ግን ብዙ የምነግርህ አለኝ፤ በተራህ ስማኝ።

መጀመሪያ የሰፈሩን ልንገርህ። ፒያሳን ብታያት አታውቃትም። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የነበረችው የልብስ ስፌት ሱቅህ ከነጎረቤቶቿ ፈርሳለች። መንገዱ ሰፍቷል፣ ማታ መብራቱ ቀን ያስመስለዋል። ሰዉ እንደሁ ግማሹ አማረ ይላል፣ ግማሹ የድሮ በሩን እየፈለገ ይዞራል። እኔ በዚያ ሳልፍ አቀርቅሬ ነው የማልፈው። የስፌት መኪናህን አስጭኜ አፍንጮ በር አምጥቼ ቤታችን መስኮቱ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ቁራጭ ጨርቅ የሞላው ማዳበሪያም አብሮ መጥቷል። እናትህ ምን ያደርግልሻል፣ ሽጪው ቢሉኝ እምቢ አልኳቸው። መስፋት እንደማልችል ታውቃለህ፤ የቀሚሴን ቁልፍ እንኳ የምትተክልልኝ አንተ ነበርክ።

አሁን ወደ ልጃችን ልምጣ። ስትለያት ብሌን ገና ሁለት ዓመቷን ማለፏ ነበር፤ "ክር"፣ "ነይ"፣ "አባ" ማለት ጀምራለች። ሱቅ ይዘሃት ስትውል ከጠረጴዛው ሥር ቁራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ አንተን ስትሰማ ነው የምትውለው። አንተ ደግሞ ስትሠራ አፍህ አይዘጋም። ደንበኛ ከሌለ ከጨርቁ ጋር ታወራለህ። "ነይ እስቲ ወዲህ፣ እጅጌ። ዞር በይ። አሁን እንዘመዝምሻለን፣ አትኮሳተሪ።" ሰው ሰምቶ ሲስቅብህ፣ ሥራዬን ካልነገርኩት ይጠፋኛል ትል ነበር። እኔም ከሚስቁብህ አንዷ ነበርኩ።

ከዚያ ሳይታሰብ ልብህ ከዳህ፤ ቤታችን በለቀስተኛ ተሞላ። ለሕፃን መርዶ አይነገርም ተባለ። እናትህ አባትሽ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል አሏት፤ ሁላችንም ያንኑ ደገምንላት። ቴሌቪዥኑ በነጠላ ተሸፈነ፣ ሬዲዮው ተዘጋ። ሰው ስለ አንተ እያወራ ልጅቷ ብቅ ስትል ሁሉም ጸጥ ይላል። በሩ ላይ ቆማ ፊታችንን በየተራ ታያለች፤ እኛ ደግሞ ዳቦ ቆርሰን እንሰጣታለን። ድንኳኑ ተነሥቶም ዝምታው ቤታችን ቀረ። እናትህ ስምህ ሲነሳ እንባ ይቀድማቸዋል፤ እኔ ድሮም ዝምተኛ ነኝ። ብሌንም የነበሯትን ጥቂት ቃላት ቀስ በቀስ ተወቻቸው። የፈለገችውን በጣቷ ታሳያለች፣ ካልሆነም እጄን ይዛ ትጎትተኛለች። ሦስት ዓመቷ ሞላ፣ አለፈም። እኩዮቿ ግቢ ውስጥ እየተጨቃጨቁ ሲጫወቱ እሷ ዳር ቆማ ታያቸዋለች።

ተሼ፣ እንዴት እንደፈራሁ ብነግርህ። አባቷን ያጣች ልጅ አፏንም ልታጣ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ጎረቤቱ ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዷ ቆይቶ የሚናገር ልጅ አለ ትለኛለች፣ ሌላዋ ዓይን ነው ትለኛለች። ጊዮርጊስ ጠበል ወሰድኳት፤ የእኔ ልብ አርፎ ተመለሰ፣ እሷ ግን ቃል አልተነፈሰችም። በመጨረሻ ጆሮዋን አስመረመርኩ። ጆሮዋ ደህና ነው አሉና ወደ አንዲት የልጆች ንግግር ባለሙያ ላኩን።

ባለሙያዋ ወጣት ናት፣ ችኮላ የሚባል አታውቅም። መሬት ላይ ተቀምጣ ብሌንን በኩባያና በኳስ ስታጫውታት ቆየች። ከዚያ ልጅቷ ታስባለች አለችኝ፤ የሚነገራትን ትረዳለች፣ የተደበቀባትን ኳስ አስታውሳ ታወጣለች። ሐሳቧ ግን የሚያዝበት ቃል ይፈልጋል። ልጅ ቃል የሚማረው ከስልክ አይደለም፤ እሱ የሚያየውን አብሮት እያየ ስሙን ከሚነግረው ሰው ነው። መጀመሪያ ሌላ ሰው ይነግረዋል፣ ቀጥሎ ብቻውን ሲጫወት ለራሱ ጮክ ብሎ ያወራል፣ ኋላ ያ ድምፅ ወደ ውስጥ ይገባና ማሰቢያው ይሆናል። እኛ ትልልቆቹም ሥራ ሲከብደን ድምፅ አውጥተን የምናወራው ለዚሁ ነው አለች። እዚያው ወንበር ላይ እንዳለሁ ከእጅጌ ጋር ስትጨቃጨቅ ታየኸኝ። ቤት ውስጥ ስለ ምን ታወራላችሁ ብላ ጠየቀችኝ። መሬት መሬቱን አየሁ።

የምትሠሪውን ሁሉ እየነገርሻት ሥሪ አለችኝ። ይህን ለእኔ፣ ሰላምታ መስጠት እንኳ ለሚከብደኝ ሴት።

በማግሥቱ ጀመርኩ። ሽንኩርት እየላጥኩ ነው፣ አሁን እከትፈዋለሁ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ። የገዛ ድምፄ አሳፈረኝ። ጎረቤታችን እንግዳ የመጣብኝ መስሏት አንገቷን በበሩ አስገብታ አየችና ምንም ሳትል ተመለሰች። ታክሲ ውስጥም አልተውኩም። ውሻው ተኝቷል፣ ሰውዬው ጥላውን ከፈተ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እያልኩ ስለፈልፍ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ እጄን ያዝ አድርጋ አይዞሽ እህቴ፣ ጊዜ ይሽረዋል አለችኝ። ያኔ ገና ጥቁር ለብሻለሁ። ብትኖር በሳቅ ትሞት ነበር። ብሌን ግን ስለፈልፍ አፌን አፌን ታያለች። ሳምንት ሄደ፣ ወር ሄደ፣ ምንም የለም። አንዳንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ ዝም ስል ቀሚሴን ይዛ ትስበኛለች፤ እንደገና እጀምራለሁ። ኋላማ እናትህም ገቡበት። ምስር ሲለቅሙ ይቺ ጠጠር ናት፣ ትውጣልን ይሏታል። ሳናስበው ቤታችን ውስጥ ወሬ ተመለሰ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይወርዳል። ከገመድ ላይ ልብስ ሰብስቤ ስገባ ከስፌት መኪናህ ሥር ድምፅ ሰማሁ። ብሌን ቁራጭ ጨርቆችህን ዙሪያዋን ዘርግታ አንዱን ታገላብጠዋለች። "ነይ ወዲህ። ዞር በይ። አትኮሳተሪ።" እርጥቡን ልብስ እንዳቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ከእኔ አልሰማችም፣ ተሼ። የእኔ ወሬ ሽንኩርትና ውሻ ነው። ይሄ የአንተ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ውስጧ ተቀምጦ ነበር። አልቅሼ እንዳላስደነግጣት ከንፈሬን ነከስኩ።

ቀና ብላ አየችኝና "አባ የት ሄደ?" አለች።

እንድትናገር ያን ያህል ስጸልይ ኖሬ፣ ስትናገር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ይህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እናትህ ከአልጋቸው ቀና ብለው የክፍለ ሀገሩን ሊደግሙላት ሲሉ በዓይኔ ለመንኳቸው፤ ዝም አሉልኝ። ቃል አውጪ ብዬ ስወተውታት የኖርኩ እናት፣ አሁን ቃሏን ስታወጣ በውሸት ልቀበላት አልቻልኩም። ልብሱን ጥዬ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"አባ ሞቷል፣ ብሌንዬ። አይመለስም።"

"ልብስ አይሰፋም?"

"አይሰፋም።"

"አያወራም?"

"አያወራም።"

ዝም አለች። ይሄኛው ዝምታ ግን ያስፈራኝ የነበረው አይደለም፤ ግንባሯን ጨምድዳ ስታስብ እያየኋት ነው። እናትህ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። ይህን ልቅሶ ማንም አልደበቃትም። ሄዳ ጉልበታቸው ላይ ተቀመጠች፤ እሳቸው ፀጉሯን እየዳበሱ ስላንተ ልጅነት አወሯት። ስምህን ሲጠሩ የሰማሁት ከቀብርህ ወዲህ ያን ቀን ነው። ብዙ ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

"እሱ ካላወራ፣ አንቺ ንገሪው።"

ምን ልበለው ብዬ ጠየቅኳት። አሰበችና ነገረችኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ እንግዲህ ታዝዤ ነው።

እኔም በበኩሌ ቃል ገብቼልሃለሁ። ከእንግዲህ እዚህ ቤት ስምህ በሹክሹክታ አይጠራም። ሻይህ ላይ ስኳር እንዴት ታበዛ እንደነበር፣ ስትስቅ ትከሻህ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር፣ እሷ ራሷ ለልጆቿ እስክታወራ ድረስ አወራላታለሁ። ናፍቀኸኛል፣ ተሼ። አልረሳህም፤ ደክሞኝ ዝም ብል እንኳ አሁን የምትጠይቀኝ ልጅ አለችኝ።

መልእክቷ ይኸውልህ። አዲሱ ጫማዋ ቀይ ነው። ማሰሪያ የለውም። ራሷ ነው የምታደርገው።