ቢ ማይነር በታጠፈች ጣት

ማክሰኞ
ዛሬም አልወጣልኝም። ቢ ማይነር የሚባለው የድምፆች ጥምር ላይ ስደርስ ጊታሩ ይታነቃል። ኅዳር ላይ አባባን ሩዝ አጨዳ ሳግዝ ማጭድ የግራ እጄን ሌባ ጣት ቆረጣት። ቁስሉ ድኗል፤ ጣቴ ግን ታጥፋ ቀረች። ይህ ኮርድ ደግሞ ሌባ ጣት ክሮቹ ላይ ተጋድማ እንድትጫን ይፈልጋል።

እሑድ የትምህርት ቤታችን መምህርት የእትዬ ጥሩወርቅ ስንብት ነው። ጡረታ ወጥተው ባሕር ዳር ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ነው። ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ክፍል ስገባ ድምፄ ይጠፋ ነበር። "ጊታርሽን ይዘሽ ግቢ" ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ዘፈኑን የደረስኩት ለእሳቸው ነው። ቢ ማይነሩ የሚመጣው ስማቸው ሲጠራ ነው። አራት ጊዜ።

ረቡዕ
የሞከርኩት፦
– እርሳስ ክሮቹ ላይ አጋድሜ በላስቲክ ማሰር። በጣቴ ፈንታ እንዲጫን ነው። ተንሸራተተ። ለዚህ የተሠራው መቆንጠጫ እዚህ ወረታ የለም። ሐሙሲት አስጠየቅሁ፣ እዚያም የለም።
– ኮርዱን መዝለል። ስማቸው ባዶውን ቀረ። አስጠላኝ።
አለቀስኩ። ትንሽ።

ሐሙስ
አባባ ሰሙኝ። መሪጌታ ናቸው፣ ዜማ ያስተምራሉ፤ ስለ ጊታሬ ግን ክፉም ደግም ተናግረው አያውቁም። በር ላይ ቆመው፣ "ምነው እዚያች ቦታ ላይ ስትደርሺ የምትሰናከዪው?" አሉኝ።
ጣቴን አሳየኋቸው። ፊታቸውን አዞሩ። ማጭዱን የሳሉት እሳቸው ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ እጄን ማየት አይወዱም።
"ድምፁ አልደርስ ያለውን ተማሪ፣ ዝቅ አድርገህ ጀምር ነው የምለው" አሉ።
የዘፈኑን መነሻ ድምፅ ከዲ ወደ ሲ አወረድኩት። ቢ ማይነር ኤ ማይነር ሆነ፣ ቀላል! ግን ጂ የሚባለው ኮርድ ደግሞ ኤፍ ሆነ፤ ኤፍም የተጋደመ ጣት ይፈልጋል። ከድጡ ወደ ማጡ።
ቢሆንም ቀለል አለኝ። አባባ ያቃተውን ተማሪ አያባርሩም።

ዓርብ
ወጣ!! ስድስቱን ክር ለምን እመታለሁ? ሦስቱ ቀጫጭኖቹ ይበቃሉ። ቀለበት ጣት ሦስተኛው ክር፣ አራተኛ ፍሬት፣ ማለት አንገቱ ላይ አራተኛው የብረት መስመር ጋ። መሐል ጣት ሁለተኛው ክር፣ ሦስተኛ ፍሬት። ሌባ ጣቴ የመጀመሪያው ክር፣ ሁለተኛ ፍሬት፣ በጫፏ ብቻ። መታጠፏ እንዲያውም ተመቻት። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ግን ቢ ማይነር ነው።
አባባን ጠራኋቸው።
"ይቺ ናት?"
"ይቺ ናት።"
ጣቴን ያዟት። "ያን ማጭድ ምነው ያን ያህል ባልሳልኩት" አሉ።
"ወሬ ሳወራ ራሴ ነኝ የቆረጥኳት፣ አባባ።"
እውነት ነው። እስካሁን ለምን አልነገርኳቸውም?

እሑድ ማታ
ተጫወትኩ። መጀመሪያው ቢ ማይነር ላይ አንድ ወፍራም ክር ነካሁ። ማንም አላወቀብኝም። ሁለተኛው ላይ "እትዬ ጥሩወርቅ" ብዬ ስጠራ፣ እሳቸው ከወንበራቸው "አቤት!" አሉ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሦስተኛው ላይም "አቤት!" አራተኛው ላይ ግን አልመለሱም፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ነበር።
አባባ መጥተው ነበር። ከኋላ ቆመው ነው የሰሙት። ስንመለስ፣ "ማክሰኞ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ልውሰድሽ። ጣትሽ ትፍታታ ይሆናል" አሉኝ።
እሺ አልኳቸው። ባትፍታታም ቅር አይለኝም።