መስታወቱን በምን ጠቀለሉት?

ለምናፍቅሽ እህቴ ለባንቺአየሁ፣ ከጣና ዳር ሰላምታዬ ይድረስሽ።

የማታ ትምህርት ስለጨረስሁ ይህን ደብዳቤ ባንድ ትንፋሽ ጻፍሁት። እሺ፣ ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል።

ድሮ ፊደል ያልቆጠሩ ፈረንጆች ወንጌሉን ከካቴድራሉ ባለቀለም መስታወት ያነቡ ነበር ያልሽውን ለእማዬ ሳነብላት፣ «አንተም እስካምና ፈረንጅ ነበርህ» አለችኝ።

እኔ ለሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የገጠምሁት የቅዱስ ሚካኤል መስታወት ትናንት ረገፈ፤ የሐይቁ ነፋስ ነው። የተረፈውን የእመቤታችንን ላወርደው ነው። በጦርነት ዘመን ፈረንጆቹ የካቴድራሉን መስታወት አውርደው ምድር ቤት ሸሸጉት ብለሽኛል፤ በምን ጠቀለሉት?

የእማዬንም አልጋ ከመስኮቱ አርቄዋለሁ፤ ይበርዳታል ብዬ ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልሽውን ለገና አድርጊው።

እማዬ በናፍቆት ትስምሻለች። እመቤታችን ትጠብቅሽ።

ወንድምሽ ሀዲስ፣ ከባሕር ዳር

አንዷን ውሸቴን ልመልስ፤ ትናንት ነፋስ አልነበረም።