«ሽብሩ ጋ ወራጅ አለ?»

ሽብሩዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ትናንት የሰማሁትን ካንተ በቀር ለማን እነግረዋለሁ?

አርባህን አውጥቼ ቤቱን ዘጋሁና ወሊሶ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። የተመለስኩት ባለፈው ሳምንት ነው። የጓሮው ባሕር ዛፍ ጣሪያውን አልፏል። ከበራችን ፊት ለፊት ቦኖ ተተክሎ ሴቱ ሁሉ እዚያ ይሰለፋል፤ ወንዝ ወርዶ መቅዳት ቀርቷል። አጠና ትሸጥበት የነበረውን ቦታ የአጎትህ ልጅ ይዞታል፤ ደህና ይሠራል።

ትናንት ከመርካቶ ስመለስ ጋሪ ላይ ወጣሁ። ከጎኔ ሽንኩርት የያዘች ሴት ተቀምጣለች። ቁልቁለቱን ስንጀምር ባለጋሪው ዞር እንኳ ሳይል፣ «ሽብሩ ጋ ወራጅ አለ?» አለ።

ቤት ቁጭ ብለህ የምትጠብቀኝ መሰለኝ፤ ሞኝ አትበለኝ። ሴትዮዋ፣ «አዎ፣ ድልድዩ ጋ» አለችና ሽንኩርቷን ሰበሰበች። ለካ ቦታው በስምህ መጠራት ጀምሯል።

በተጋባን ሰሞን በእግራችን ቀራንዮ መድኃኔዓለም ስንሄድ የየቦታውን ስም ትነግረኝ ነበር። ሰፈራችን ኮልፌ በኦሮምኛ ሳቅ፣ ቀራንዮ የራስ ቅል ስፍራ። «ከሳቅ ተነስተን ራስ ቅል እንደርሳለን» ብለህ መንገዱን ሙሉ አስቀኸኛል። አንተም የቦታ ስም ትሆናለህ ብሎ ማን አሰበ?

«ሽብሩ ማነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አንድ ሰካራም ነው አሉ፣ እትዬ» አለ ባለጋሪው። «ጠጥቶ ሲሻገር ወንዙ በላው።»

ሽብሩዬ! በሰው ሠርግ እንኳ ጠላውን ከንፈርህን አርሰህበት የምትመልስ ሰው! የምሆነውን አጣሁ። «አቁም!» ብዬ ስጮህ ፈረሱም ደነገጠ።

«ባሌ ነው» አልኩት። «መጠጥ አያውቅም። ያኔ ድልድይ የለም፤ ጎረቤታችንን እማማ ደስታን ጎርፍ ሲወስዳቸው አይቶ፣ የተሸከመውን አጠና ጥሎ ገባ። እሳቸውን ዳር ካደረሰ በኋላ ነው ደራሽ ውሃው እሱን የወሰደው።»

ባለጋሪው ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀ። «አላወቅሁም እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። የሰማሁትን ነው ያወራሁት» አለ፤ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልደፈረም። ሴትዮዋ እጄን ይዛ አለቀሰች። እኔ እንባ እንኳ አልመጣልኝ አለ።

ዛሬ ጠዋት በዚያው ጋሪ ተሳፈርኩ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ባለጋሪው አጠገቡ ለተቀመጠ ሰውዬ ሲያወራ ሰማሁት፦ «ሽብሩ ማለት ጀግና ነው፤ ሰባት ሰው ከጎርፍ ያወጣ!»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ትናንት ሰካራም፣ ዛሬ የሰባት ሰው አዳኝ! ዞር ብሎም «ደስ አለዎት?» በሚል ዓይን አየኝ። ዝም ልለው ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ሰባት ማለቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን አንተ የአጠናህን ርዝመት እንኳ ለገበያተኛ ጨምረህ ተናግረህ አታውቅም።

«አንድ ሰው ናቸው» አልኩት። «እማማ ደስታ ብቻ።»

ስምህ ከእጄ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ የመንገደኛው ሁሉ ነው። እኔ ግን በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ እዚያ በደረስኩ ቁጥር፣ ተጠየቅሁም አልተጠየቅሁም፣ የሆነውን እንደሆነው እናገራለሁ። አንድ ሰው ነው ያወጣኸው። አንድ ሰው ይበቃል።

ሚስትህ አስካለ