ከስፌቱ ውስጥ የሚቀረው ጨርቅ

ይድረስ ለበኩር ልጄ፤ የወጣሽበት ደጅ በሰላም ይመልስሽ፣ ማዕድሽ ከበረከት አይጉደል።

እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቴን ማለቱን ትቷል፤ አሁን ተራው የወገቡ ነው። ታናሽሽ ፈተናዋን አልፋለች። በላክሽው ገንዘብ ጣሪያው ተጠግኖ ማፍሰሱን አቁሟል። ብዙ ነው ብልሽ፣ «የተረፈኝን ነው እኮ እማዬ» አልሽኝ።

ፎቶሽን ግን አየሁት። ያ ሰማያዊ ሸሚዝ ስትሄጂ በልክሽ የሰፋሁልሽ ነው፤ አሁን ትከሻው ክንድሽ ላይ ወርዷል። አባትሽ «ፋሽን ነው» ይላል። ሸሚዝ እንደሆነ በራሱ አይሰፋም።

ከስፌት መኪናዬ ሥር ተቀምጠሽ ነው ያደግሽው። ጨርቅ ስቆርጥ ከስፌቱ ውስጥ የሚገባውን አስቀድሜ እተዋለሁ እንጂ፣ ከተረፈ እተዋለሁ ስል ሰምተሽኝ አታውቂም። ልክ ልኩን የቆረጠ ሰፊ፣ ባለልብሱ ትንሽ ወፈር ሲል የሚያደርገው ይጠፋዋል። ደሞዝሽንም እንደዚያው ያዢው። ለኪራይሽ፣ ለምግብሽና ለክፉ ቀን የሚሆነውን መጀመሪያ ለይተሽ አስቀምጪ፤ ለእኛ የሚላከው ከዚያ ወዲያ ነው። ባልተረፈሽ ወር አትላኪ፤ ማንም አይቀየምሽም። እኔም ገና እየሠራሁ ነው።

ለመምጫሽ ቀሚስ ጀምሬልሻለሁ። የቆረጥኩት በድሮው ልክሽ ነው፤ ለማስፋት የሚሆን ጨርቅም ከውስጡ ትቻለሁ።

ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። አደራሽን፣ ለማጥበብ መርፌ እንዳታስነሺኝ።

እናትሽ