የደረቴ ልክ

ኤፕሪል 1971
ከረጅሙ ቤት፣ መሩሩን ወንዝ ዳር

ለልጄ ለሴንዲ፣
ኩቺንግ ከተማ

ሴንዲዬ፣ «ደህና ነሽ ወይ» ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ግን በዚህ ንዴቴ ላይ ጤናሽን ብጠይቅ የውሸት ይሆንብኛል። ንዴቴን ልጨርስና በኋላ እጠይቅሻለሁ።

የአክስትሽ ልጅ ሌንታ ከጀልባው ስትወርድ የላክሽውን እሽግ ሰጠችኝ። እኔ ሞኟ ቡና ወይ ስኳር መስሎኝ ነበር። ስፈታው ሁለት ጡት መያዣና ያቺ ብጣሽ ወረቀት። «እማዬ፣ ለሠርጉ ስትመጪ ይህን ለብሰሽ ነው። ከአሁኑ ልመጂው» ይላል። ልመጂው! እናት ለልጅ የምትለውን ልጅ ለእናት መልሳ ስትጽፍ አየሁ።

እሺ ብዬ ለበስኩት። መንጠቆው በጀርባ በኩል መሆኑስ ምን የሚሉት ነገር ነው? ጀርባዋን የምታይ ሴት አለች? አባትሽን ጠራሁት። ዕድሜውን ሙሉ የዓሣ መንጠቆ ሲያስር የኖረ ሰው፣ ሁለት ቅንጣት ሽቦ ማቆላለፍ አቅቶት ላብ በላብ ሆነ። «ቆይ እስቲ፣ አትተንፍሺ!» ይለኛል። «ከተቆለፈ በኋላስ መተንፈስ ይቻላል?» አልኩት። «እሱን ልጅሽን ጠይቂያት» ብሎኝ ወጣ።

ከጎረቤቶቹ ሁሉ ጋር በምንጋራው ረጅም በረንዳ ላይ ብቅ ስል ደግሞ አሮጊቷ ሜንጋን ቅርጫቷን አስቀመጠች።

«ኢንዳይ ሴንዲ! ጡቶችሽ ምን አጥፍተው ነው የታሰሩት?»

«ዋስ አጥተው ይሆናላ!» አለች ጎረቤቷ።

«በዚህ ዕድሜያቸው ያመልጣሉ ብላ ፈርታ ነው እንጂ!» ሜንጋን መለሰች።

ቤቱ ከዳር እስከ ዳር ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥርሴ ብቻ ነው የሳቀው።

ደግሞ ጠባብ ነው። ማታ ሳወልቀው ጎኔ ላይ ሰንበር ይተዋል፤ በሙቀቱ ደግሞ ከሥሩ ያሳክካል። ሦስት ዓመት ጠብተሽኛል፣ ሩዝ እየወቀጥኩ እንኳ ተንጠልጥለሽ ትጠቢ ነበር። የዚያን ጡት ልክ እንዴት አታውቂውም! ለባለሱቁ ምን ብለሽ ነገርሽው? «ለአንዲት ሴትዮ» አልሽው?

የባሰው ሽመናው ላይ ነው። የሠርግሽን ልብስ እየሠራሁ ነው። ድሩን የሚወጥረው የጀርባ መታጠቂያ ያንን መንጠቆ አከርካሪዬ ላይ ይተክለዋል። መላ ያገኘሁ መስሎኝ ጡት መያዣውን አዙሬ መንጠቆውን ወደ ፊት አደረግሁት። ጎንበስ ብዬ ማጉን ስመታ መንጠቆው ድሩን ያዘና በጠሰው። በሠርግ ልብስ ላይ ድር ሲበጠስ ምን ዓይነት ክፉ ምልክት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ከተማ ገብተሽ ካልረሳሽው። ሜንጋን እንኳ አልቀለደችም። ለመናፍስቱ እንቁላልና ሩዝ አቀረብኩ፣ ይቅርታ ለመንኩ፣ ከዚያ ክሩን ቋጠርኩት። ቋጠሮው ግን ይታያል።

ይህን ሁሉ ችዬ ለበስኩት። «ልጄ በሰው ፊት እንዳታፍር» እያልኩ። ጠዋት ለብሼው ወደ ውኃ እወርዳለሁ፣ ለብሼው እንጨት እሰብራለሁ። ለመድኩትም። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ባለፈው ሳልለብሰው በረንዳው ላይ ተቀምጬ የሰው ኮቴ ስሰማ ደረቴን በእጄ ሸፈንኩ። የመጣችው ሜንጋን ናት! አብረን ያረጀን፣ ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ወንዝ ውስጥ የታጠብን። ዕድሜዬን ሙሉ ያላፈርኩበትን ገላ ዘንድሮ አፈርኩበት። ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

ይህንንም ቢሆን እውጠው ነበር። ግን ትናንት ከሌንታ ጋር ሩዝ ስንወቅጥ ወሬ አመለጣት። አማትሽ ልትሆን ያለችው ወይዘሮ ሩፊና ቤትሽ መጥታ ፎቶዬን አይታለች አሉ። ሽርጤን ወገቤ ላይ አስሬ፣ እዚህ እንዳለች ሴት ሁሉ ሽመና ላይ የተቀመጥኩበትን። «ይቺ ራቁቷን ያለች ሴትዮ ማን ናት?» ስትልሽ፣ አንቺ ምን አልሽ? «የድሮ ጎረቤታችን ናት» አልሽ። ሌንታ ሻይ እየቀዳች ነበር። ጆሮዋን አልደፈነችም።

ጎረቤት!

አንቺ ከተወለድሽ ወዲህ እናቴ ባወጣችልኝ ስም የጠራኝ ሰው የለም። ኢንዳይ ሴንዲ ነኝ፣ የሴንዲ እናት። በጀልባ የሚያልፍ ነጋዴ ሳይቀር እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። አባትሽም ቢሆን። አንቺ «ጎረቤት» ካልሽኝ እኔ ማን ልባል? የልጅነት ስሜን የሚያስታውሱት ከሜንጋን በቀር ሞተዋል።

የሚሲዮን ትምህርት ቤት የገባሽ ጊዜ ትዝ ይልሽ ይሆን? የመጀመሪያ ጡት መያዣሽን በእጄ የሰፋሁልሽ እኔ ነኝ፣ ከዱቄት ጆንያ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ለብሼ አላውቅም፤ የመምህሯን ጡት መያዣ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አይቼ ነው ጆንያውን በዚያ ልክ የቀደድኩት። «ያንቃል» ብለሽ አለቀስሽ። «ቻይው፣ ማንም እንዳይስቅብሽ ነው» አልኩሽ። እኔ አንቺን ከሰው ሳቅ ለማዳን ሰፋሁ፤ አንቺ ራስሽን ከእኔ ለማዳን ገዛሽ። ያናደደኝ ይህ ነው፤ ጨርቁስ ጨርቅ ነው።

አሁን የምነግርሽን ስሚ። የመከሩ በዓል እንዳለፈ እመጣለሁ። ጡት መያዣውን እለብሳለሁ፣ ከላዩ ጥሩ ሸሚዝ አደርጋለሁ፣ ማንም ምንም አያይም። የሠርግሽን ልብስ ከነቋጠሮው ይዤ እመጣለሁ። ወይዘሮ ሩፊና በሩ ላይ «ይቺ ማን ናት?» ስትል እኔ አፌን አልከፍትም። የምትመልሺው አንቺ ነሽ። «እናቴ» ካልሽ ልብሱን በእጄ አለብስሻለሁ። «ጎረቤት» ካልሽ ደግሞ እንደ ጎረቤት ስጦታዬን አስቀምጬ፣ የቀረበልኝን በልቼ፣ በማግስቱ ጀልባ እመለሳለሁ። አላጋልጥሽም። ለሜንጋንም ቢሆን ሠርጉ አምሮ ነበር እላታለሁ።

እንግዲህ ንዴቴን ጨረስኩ፣ ወይም ወረቀቱ ቀደመኝ። ደህና ነሽ ወይ? ያ ሳል ለቀቀሽ? ትበያለሽ? ሌንታ «ከስታለች» አለችኝ። አባትሽ የደረቀ ዓሣ ልኮልሻል፣ በሰው ፊት ካፈርሽበት ብቻሽን ብዪው። ዕድሜሽ ይርዘም፣ ገላሽ ይቅለልሽ፣ ሕልምሽ መልካሙን ያሳይሽ።

እስከ ዛሬ ኢንዳይ ሴንዲ የምባለው

ደብዳቤው ውስጥ ያለው ቀይ ክር ከሠርግሽ ልብስ የተረፈ ነው። በደረቴ ዙሪያ አዙሬ ጫፉ የተገናኘበት ላይ ቋጥሬዋለሁ። ሌላ ከገዛሽ እሱን ይዘሽ ሂጂ። ባለሱቁ የማን ልክ ነው ካለሽ ንገሪው፤ በሩ ላይ ከመድረሴ በፊት አፍሽ ይልመደው።